ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ታሪክ

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ዕድር ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዛ። ኬዙ የአንዱ፣ ማዘርቦርዱ የሌላው፣ ፓወር ሰፕላዩ የሦስተኛ ድርጅት ሥራ የሆነ፣ በተለምዶ «ክሎን» የምንለው ዓይነት ነው። የድሮው ኮምፒውተር መብራት ሲሄድና ሲመጣ ተቃጥሎ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። አዲሱን የገጠመልን ልጅ «የድሮውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አድርጌ እዚህ ላይ ልጨምረው፣ ቦታ ይሆናችኋል» ሲል ጸሐፊያችን ጋሼ ደስ አላቸው። እኔ ግን «ቆይ፣ እንዳትነካው!» አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ባለቤታቸውን ቀብረው ነበር። ዕድሩ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሟቹ ነባር አባል ናቸው ወይስ በቅርቡ የገቡ? የሚከፈለው ገንዘብ በዚህ ይለያያል። ደብተሩ እንዳይታይ ምስጥ በልቶታል፤ አቦምሳ ላይ ምስጡ አያስተርፍም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ስም ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ ያለው እዚያች ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ዲስኩን በአስማሚ ገመድ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ጎሽ፣ ይሠራል! ከወረዳ የመጡት የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤዎች አንድ ፊደል ሳይጎድል ተከፈቱ። የአማርኛው ቃለ ጉባኤ ግን ነጥብና ጭረት የተለጠፈባቸው የፈረንጅ ፊደላት ድብልቅልቅ ሆኖ መጣ። ጋሼ ራሳቸውን ይዘው «በቃ፣ ቫይረስ በልቶታል» አሉ።

ቫይረስ አልነበረም። ታሪክ ነው። እስቲ ላስረዳ።

መጀመሪያ ክሎኑን እንየው። የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ እንዴት አንድ ሳጥን ውስጥ ተስማምቶ ይሠራል? አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ አብዛኛውን ክፍል ገበያ ላይ ከሚገኝ ዕቃ ነበር የሠራው። የራሱ ያደረገው ዋና ነገር ባዮስ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ግን ያንኑ ሥራ የሚሠራ የራሱን ባዮስ ጽፎ ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ማሽን ይዞ ብቅ አለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን መለኪያ አወጣ፤ የብሎን ቀዳዳው የት እንደሚሆን፣ የፓወር ሰፕላዩ ሶኬት ምን እንደሚመስል ሁሉ ተወሰነ። አቦምሳ ላይ አንድ ልጅ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ኮምፒውተር መግጠም የቻለው በዚህ ስምምነት ነው።

ዕቃው ስምምነት ነበረው። ፊደላችን ግን አልነበረውም።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለላቲን ፊደል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስኪ የሚባል ስምምነት አለ። ትልቁ የእንግሊዝኛ «ኤ» አስኪን በሚከተል ማሽን ሁሉ 65 ነው። ያኔ ለአንድ ፊደል በሚመደበው ቦታ ላይ 256 ቁጥር ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከዚያም የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ 33 ጊዜ 7 ብቻውን 231 ነው። ዲቃላዎቹን፣ ከ፩ ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮችና ነጥቦቹን ስትጨምሩበት ሞልቶ ይፈሳል።

ይህ ችግር ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም የገጠማቸው ይኸው ነው፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። በመኪናው ላይ መነሻውን ፊደል መትቶ ቅጥያውን ጭረት በመጨመር ነበር የሚጻፈው። ኮምፒውተር ሲመጣም የኛ ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ተመሳሳይ ብልሃት ፈጠሩ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው እየቀጠለ ሠራው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የማያስታውስ የኮምፒውተር ጸሐፊ የለም። ባይኖሩ ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የፈተና ወረቀት በምን ይጻፍ ነበር? ክብር ይገባቸዋል።

ግን አንድ ጣጣ ነበረባቸው። የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀመጡት በላቲኑ ቁጥሮች ላይ ነው፣ ያውም እያንዳንዱ በራሱ ሰንጠረዥ። በአንዱ ፎንት «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ፎንቱ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ያሳያል፣ የፈረንጁን። ጋሼ ያዩት ይህንን ነው። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን ስለመረጠ አስኪ ውስጥ ያለ ችግር ገብቷል፤ ደብዳቤዎቹ ዛሬም የትም ይከፈታሉ። አንድ ዲስክ፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ዕጣ።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608 ናት፣ አቦምሳም ሆነ ዋሽንግተን። ነገር ግን ስምምነቱ ወጣ ማለት ሰፈራችን ደረሰ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲገጠም የአማርኛ ፎንት ይዞ አይመጣም ነበር። ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ ሲሆን፣ የወጣው በጥር 1999 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር! በፈረንጅ 1999 የተወሰነው በሐበሻ 1999 ደረሰ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ኤክስፒ በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ለዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የጻፍነው አብዛኛው ጽሑፍ ያለ ፎንቱ የማይነበብ ነው።

የኛስ ምን ሆነ? ፎንቱ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለው ማኅደር ውስጥ። ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስንጭነው ድብልቅልቁ አማርኛ ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የሟቹ ስም በ1998 ዓ.ም. ዝርዝር ላይ አለ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። አንድ ሰው «ፋይሉ የተጻፈበት ቀን ጥር 2002 በፈረንጅ ይላል፤ በሐበሻ 1994 ማለት ነው። የ1998 ዝርዝር በ1994 እንዴት ይጻፋል? ተጭበርብሯል» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥለው እሷ ናት። ስትሞት ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካው ወደ ሞላለት ቀን ይመለሳል። የኛው ማሽን ለዓመታት በየጠዋቱ ጥር 2002 ላይ ነበር የሚነቃው። ነገሩን የቋጨው ግን የኔ ማብራሪያ አይደለም። እኚያ እናት ከሣጥን ውስጥ አሮጌ የክፍያ ደረሰኝ አወጡ፤ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ገጠመ። ገንዘቡም ተከፈላቸው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገጥሙ ወይም የድሮውን ስትቀይሩ፦

ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል፤ በኛ መብራት ስትሰኩት ይፈነዳል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ቀኑን አስተካክሉ። ካልነሣ ራሙን አውጥታችሁ እግሩን በላጲስ ጠርጋችሁ መልሱት።

የራሳችሁን የድሮ ዲስክ ግን ፎርማት አታስደርጉ። መጀመሪያ ሙሉውን ገልብጡ፣ የፎንትስ ማኅደሩንም ጭምር። ከዚያ ጽሑፉን በፒዲኤፍ አስቀምጡ፣ ሲመቻችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ዋናውን ፋይል አትጣሉ፤ በመቀየር ላይ ፊደል ሊሳሳት ይችላል። ሊከራከርባችሁ የሚችለውን ደግሞ አትማችሁ ከምስጥ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ሳጥን አለ። እኛ «የሞተ» እንለዋለን። ውስጡ ግን ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን መቼ እንደተቀበረ ተጽፎ ይገኛል። የገጠመልን ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «ዲስኩ ላይ ምን አለ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነግሮኛል። እናንተም የዕድር ጸሐፊ የምታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ ጠይቁት።