ነጠላው ለምን ሐምራዊ ሆነ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዋና መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ ደንበኛ ዛሬ ካሜራ ፊት ለመቀመጥ የሚመጣበት ጊዜ እየቀነሰ ነው። ለመነሳትማ ስልክ አለ፤ ፋይዳ መታወቂያም ፊቱን እዚያው መመዝገቢያው ላይ ያነሳዋል። ይዞ የሚመጣው የአባቱን ወይም የእናቱን አሮጌ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ፣ አንዱን ጥግ የማኅተም ቅስት ያለፈበት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ። ለለቅሶ፣ ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት እንዲደርስለት አሳድጉልኝ ይላል። ባለሙያው በስካነር ያነሳዋል፣ በፎቶሾፕ ማኅተሙን ያጠፋል፣ የተሰነጠቀውን ይሞላል፣ ከዚያ ያትመዋል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ መውጣት የነበረበት ምስል ግን ሌላ ነገር ይዞ ይወጣል፦ የእናትየው ነጠላ እጥፋቱ ላይ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ይላል። ብዙዎች ጥፋቱን በማተሚያ ማሽኑ ያሳብባሉ። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በታሪኩ ሁሉ የራሱ ቃና ነበረው፤ ቃናውን የሚወስነውም አንድ ሰው፣ ፎቶውን በጨለማ ክፍል የሚያጥበው አጣቢ ነበር። ጨለማ ክፍሎቹ ሲዘጉ አብሮ የቀረው ይህ ውሳኔ ነው፤ በቀለም ፕሪንተርም ላይ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ማስረጃው ከሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የደረሱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች በአገራችን ከተነሱት ቀደምት ፎቶዎች መካከል የሚቆጠሩትን አንስተዋል። በዚያ ዘመን ፎቶ በብዛት የሚታተመው የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ወረቀቱ ወርቅ ባለበት ውህድ ውስጥ ይነከር ነበር። በውህዱ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ምስሉን ከቀላ ያለ ቡናማ ወደ ሐምራዊነት ወደሚያደላ ቡናማ ያሻግረዋል፤ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው ደግሞ አጣቢው ብቻ ነው። በኋላ፣ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ደግሞ ለተከታዮቹ ነገሥታት ፎቶ ሲያነሱ፣ በብር ጨው የሚሠራው ወረቀት በዓለም ገበያ ነግሦ ነበር። እሱም አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ሞቅ ያለ ቡናማ ጥቁር የሚሰጥ ወረቀት ነበረ፤ ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ ጥቁር የሚሰጥም ነበረ፤ በድኝ ውህድ አልፎ ወደ ሙሉ ቡናማ የሚለወጥም ነበረ። ስለዚህ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ቡናማነት ሁሉ የዕድሜ ጣጣ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። ከፊሉ በእርግጥ ጉዳት ነው፤ በደንብ ያልታጠበ ሃይፖ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ቢጫም ያደርገዋል። ሌላው ግን ሰው አስቦ የመረጠው ነው።

ጉርድ ፎቶ የሁሉም ሰው ጉዳይ የሆነው ከአብዮቱ ወዲህ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጀ፤ ከዚያ በኋላ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው በከተማ መኖሩን ማስረዳት ይቸግረው ነበር። መታወቂያው ደግሞ ፎቶ ይፈልጋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የተቀመጡ የአዲስ አበባ በሮች ናቸው፤ ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የሜታ ቢራ ሠራተኛም ሆነ ከሱሉልታ ሜዳ ወተትና ድርቆሽ ወደ ከተማ የሚያወርደው ሰው መታወቂያ ያስፈልገው ነበር። ለብዙዎቹ ያ ጉርድ በሕይወታቸው ከተነሷቸው ጥቂት ፎቶዎች አንዱ ነው፤ ለአንዳንዱ ብቸኛው። ከቁመቱ ማነስ ይልቅ ክብደቱን ማየት የሚገባን ለዚህ ነው።

እነዚህን ጉርዶች በጨለማ ክፍል ማጠብ ቀላል ሥራ አልነበረም። በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ ጎን ለጎን አሉ። ለፊቱ የሚበቃ ብርሃን ከሰጡት የጉንጩ አጥንትና የዓይኑ ሥር በግልጽ ይወጣል፣ ነጠላው ግን ድሩ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ነጠላውን ለማዳን ብርሃኑን ካበዙት ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል። ጎበዝ አጣቢ በማሳደጊያው (ኢንላርጀሩ) ብርሃን ሥር እጁን እያንቀሳቀሰ ፊቱን ይጋርዳል፣ ነጠላው ላይ ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል። ሙሉ ወረቀት ከማባከኑ በፊትም ቀጭን ቁራጭ ወስዶ በየደረጃው የተለያየ ብርሃን ይሰጠዋል፤ አጥቦ ያየዋል፣ ይመርጣል። ያቺ የሙከራ ቁራጭ የሙያው ልብ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ የቀለም ፊልምና አውቶማቲክ ላብራቶሪ መጣ፣ ቀጥሎም ዲጂታል። ቃናውን ማሽኑ ራሱ ስለሚወስን የሙከራ ቁራጯ ቀረች። አሁን በትንንሽ ፎቶ ቤቶች የተለመደው እንደ ኤፕሰን ኤል 805 ያለው ባለ ስድስት ቀለም ፕሪንተር አንድ ጥቁር ብቻ አለው፤ የቀሩት ሰማያዊ፣ ቀይ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ቀይ ሐምራዊ ናቸው። ግራጫ የሚባል ቀለም የለውም፤ ግራጫውን ከእነዚህ እየቀላቀለ ይሠራዋል። ቅልቅሉ በጥቂቱ ከተዛባ፣ በተለይ ከሌላ አምራች የመጣ ርካሽ ቀለም ሲሞላበት፣ መዛባቱ ከሁሉም በፊት የሚታየው በፈዛዛው ግራጫ ላይ ነው። የነጠላው እጥፋት ደግሞ ፈዛዛ ግራጫ ነው። በጥቁሩ ብቻ ይታተም ቢባል ነጠብጣቦቹ በፈዛዛው ቦታ ተራርቀው እንደ አሸዋ ይታያሉ። አምራቾቹ ችግሩን ከተረዱት ቆይተዋል። በአሜሪካ ቨርሞንት ያለው ጆን ኮን የፕሪንተሩን ቀለሞች በሙሉ በተለያየ ደረጃ ባሉ ግራጫዎች የሚተካ ዘዴ ሠራ። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣቸው እንደ አር 2400 ባሉ ማሽኖች ጥቁር፣ ፈዛዛ ጥቁርና ይበልጥ ፈዛዛ ጥቁር አንድ ላይ አስገባ፤ በሶፍትዌሩም ውስጥ ገለልተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ ሞቃትና ቡናማ ቃና የሚመረጥበት የጥቁርና ነጭ ክፍል አኖረ። የድሮዎቹ የወረቀት ምርጫዎች በሌላ መልክ ተመለሱ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ለከተማ ዳር ፎቶ ቤት አይቀመስም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ስለ ዋጋው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሁልጊዜ አዲስ ማሽን አይደለም። ከነጭ እስከ ጥቁር በ21 እርከን የተከፈለ ሰንጠረዥ በዚያው ወረቀትና በዚያው ቀለም ማተም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በፍሎረሰንት አምፖል ሥር ብቻ ሳይሆን ደጅ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት፣ የትኛው እርከን ወደ የት እንደሚያደላ ለይቶ በፎቶሾፕ ኩርባ (ከርቭስ) ማስተካከል፤ ይህን ባለ አንድ ጥቁር ማሽንም ይቀበላል። ቃናውን በጥቂቱ ሞቅ ማድረግም ብልህነት ነው፤ ፍጹም ገለልተኛ ግራጫ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ለመያዝ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ትንሽ ቡናማ ያለበት ግን ከመዛባቱ ይልቅ ምርጫው ይታያል። የወረቀቱ ወይም የቀለሙ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሥራው መደገም አለበት። አድካሚ ነው፤ ጨለማ ክፍሉም አድካሚ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የሟችን ፎቶ ቃና መለወጥ ታሪክን መነካካት አይደለም ወይ? ለዚህ መልሱ ጉዳትንና ምርጫን መለየት ነው። ማኅተሙን ማጥፋት፣ የሃይፖውን ቢጫ ማንሳት ጉዳት መጠገን ነው። ፊቱን ማቅላት ግን ሰውዬውን መለወጥ ነው፤ ዛሬ በብዙ ፎቶ ቤቶች ያለ ጥያቄ የሚደረገው ይህኛው መሆኑ ያሳዝናል። ጠይም የነበረች እናት በአርባዋ ቀን ነጣ ብላ ከተሰቀለች፣ ልጆቿ የሚያስታውሱት ፊት ከግድግዳው ላይ የለም። ከቡናማ ወደ ገለልተኛ ወይም ከገለልተኛ ወደ ሞቃት መሄድ ግን የቦያጂያን ዘመን አጣቢ በአንድ ነጋቲቭ ላይ የነበረው መብት ነው። ዋናው ጉርድና የተሻሻለው ፋይል ለቤተሰቡ ከተመለሱ፣ የጠፋ ነገር የለም።

የቀረው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በደንብ የታጠበ የብር ፎቶ ለብዙ ትውልድ ይቆያል፤ በነዚህ ፕሪንተሮች ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም (ዳይ) ግን በፀሐይና በአየር ይፈዛል። ፎቶግራፈር ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ የመቃብር ሥፍራዎች ሐውልት ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች እየተላጡና እየደበዘዙ ያሉበትን ሁኔታ በካሜራው ይዟል፤ ምስሎቹን ያየ ሰው ወረቀት በዝናብና በፀሐይ ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ቅልቅል ግራጫ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ ቀለሞቹ እኩል ስለማይፈዙ፣ ዛሬ በብዙ ድካም ገለልተኛ የሆነው ነጠላ ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ወደ አንዱ ቀለም ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ ሐውልት ላይ ለሚለጠፈው ፎቶ ቶሎ በማይፈዝ ፒግመንት ቀለም ማሳተም፣ ዋጋው ቢጨምርም፣ ለደንበኛው በግልጽ ሊነገረው የሚገባ አማራጭ ነው፤ ለለቅሶው ድንኳን የሚያስፈልገው በዚያው ቀን በውሃ ቀለም ቢታተም ግን ችግር የለውም። በየፎቶ ቤቱ ጓዳ በካርቶን የተቀመጡ የድሮ ነጋቲቮች ካሉ ደግሞ ስካን መደረግ ያለባቸው ከጉርዶቹ በፊት ነው፤ በነጋቲቩ ላይ ማኅተም የለም፣ የነጠላው ድርም ከወረቀቱ ይልቅ እዚያ ላይ በተሻለ ሁኔታ ይገኛል።