የተቀበረን ስስ ሽፋን ለመለካት የሚያገለግል የሲሊኮን ጡብ
ነጠላ ክሪስታል፤ አንድ ገጹ የተወለወለ

ጠጋ ብለው የተወለወለውን ገጽ ይመልከቱ፤ ፊትዎ እንደ መስታወት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚጠናው ግን እዚህ ገጽ ላይ የሚያርፈው፣ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ነው፤ ለምሳሌ የሕዋስ ገለፈትን የሚመስል፣ 5 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር የቅባት ንጣፍ።

ንጣፉ በውሃና በጡቡ መካከል ተቀብሮ ይቀመጣል። ኒውትሮን ሲሊኮንን ያለብዙ ችግር ሰንጥቆ ስለሚያልፍ የኒውትሮን ጨረሩ በጡቡ ጎን ይገባና ገጹን በጥቂት ዲግሪ ታክኮ ይነጥራል። ከንጣፉ ሁለት ወሰኖች የነጠሩት ሞገዶች ሲደራረቡ የጨረሩ ጥንካሬ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውፍረቱ የሚሰላው ከዚህ ነው። ውጤቱ ፎቶ ሳይሆን ግራፍ መሆኑ አንዳንዱን ጎብኚ ቅር ሊያሰኝ ይችላል።

ዋናው ብልሃት ውሃው ላይ ነው። ኒውትሮን ተራውን ሃይድሮጅን በከባድ ውሃ ውስጥ ካለው ከባድ ሃይድሮጅን (ዲውቴሪየም) አጥርቶ ይለያል፤ ኤክስሬይ ይህን አይችልም። ወደ 38 ከመቶ ከባድ ውሃ ሲቀላቀልበት ውሃው በኒውትሮን ዘንድ ከሲሊኮን ጋር አንድ ይሆናል፤ ጎልቶ የሚቀረው ንጣፉ ብቻ ነው።

ኤንሪኮ ፌርሚና ዋልተር ዚን ኒውትሮን ከመስታወት እንደሚነጥር ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ዛሬ ልኬቱ ግረኖብል በሚገኘው የላው-ላንዥቨን ተቋምና በእንግሊዙ የኒውትሮን ማዕከል አይሲስ ይካሄዳል።

እባክዎ ገጹን አይንኩ፤ የጣት ቅባት ከሚለካው ንጣፍ ሊወፍር ይችላል።