የናፍጣ ጭስና የወደብ ከባድ መኪናዎች
የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ታሪክ

የናፍጣ ሞተር በጭነት ማመላለሻ ሥራ የበላይነትን ያገኘው በጉልበቱ፣ በነዳጅ ቆጣቢነቱና በዕድሜው ርዝመት ነው። ይሁን እንጂ የዕድሜው ርዝመት ለባለቤቱ በረከት የመሆኑን ያህል ለአየር ንጽሕና ፈተና ሆኖ ቆይቷል። በጥንቃቄ የተያዘ ሞተር ከሃያ ዓመት በላይ ሊሠራ ስለሚችል፣ አዲስ ሕግ የሚመለከተው አዲሱን መኪና ብቻ ከሆነ አሮጌው ጥቀርሻውን እየተፋ ለብዙ ዘመን በመንገድ ላይ ይኖራል። ይህን ችግር ለማስወገድ ከተደረጉት ጥረቶች መካከል ለመሐንዲስ ብዙ ትምህርት የሚሰጠው በካሊፎርንያ ጎን ለጎን የሚገኙት የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1980 ድረስ በአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ሥራ በመንግሥት ፈቃድና ታሪፍ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ቁጥጥሩን ሲያላላ ውድድሩ በረታ፤ የማመላለሻ ዋጋም ወረደ። ኮንቴይነሮችን ከወደቦቹ ወደ መጋዘንና ወደ ባቡር ጣቢያ የማድረሱ ሥራም ቀስ በቀስ የራሳቸውን መኪና በሚነዱና በምልልስ ቁጥር በሚከፈላቸው ሹፌሮች እጅ ገባ። እነዚህ ሹፌሮች ለመግዛት አቅማቸው የሚፈቅደው በረጅም ጉዞ አገልግሎ ያረጀ መኪና ነበር። ከዚህም የተነሣ የአገሪቱ ትልቁ የኮንቴይነር በር የአሮጌ ከባድ መኪናዎች መጠራቀሚያ ሆነ።

የካሊፎርንያ መንግሥት በ1998 የናፍጣ ጥቀርሻን ከመርዛማ የአየር በካዮች መካከል መደበው። በ2000 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ በአየር ውስጥ ካሉ መርዛማ ነገሮች ከሚመጣው የካንሰር አደጋ 70 በመቶ ያህሉ ከናፍጣ ጥቀርሻ የሚመነጭ መሆኑን ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አረጋገጠ።

ለዚህ ችግር የተገኘው ዋነኛ መፍትሔ በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመው የሸክላ ማጣሪያ ነው። ጭሱ ረቂቅ ቀዳዳዎች ባሉት የሸክላ ግድግዳ ሾልኮ ሲያልፍ ጥቀርሻው ከግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ኋላም በሙቀትና በካታሊስት ርዳታ ተቃጥሎ ይወገዳል። ነገር ግን በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ካታሊስቱን ስለሚያበላሽ፣ ከማጣሪያው አስቀድሞ ነዳጁ መጣራት ነበረበት። በ1993 ለመንገድ ተሽከርካሪዎች የተፈቀደው የድኝ መጠን ከሚሊዮን 500 እጅ ሲሆን፣ በ2006 ወደ 15 እጅ እንዲወርድ ተደረገ። ከ2007 ጀምሮም ለአዲስ የከባድ መኪና ሞተር የተፈቀደው የጥቀርሻ መጠን በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት ከ0.1 ግራም ወደ 0.01 ግራም ዝቅ አለ።

ነዳጁና ማሽኑ በዚህ ቅደም ተከተል ከተዘጋጁ በኋላ፣ የቀረው አሮጌውን መኪና ከሥራ ማስወጣት ነበር። ሁለቱ ወደቦች በኖቬምበር 2006 የጋራ የአየር ማጽጃ ዕቅድ አጸደቁ። የዕቅዱ ብልሃት መኪናውን በየመንገዱ ከማሳደድ ይልቅ በወደቡ በር ላይ መቆጣጠሩ ነው። በኦክቶበር 1 ቀን 2008 ከ1989 በፊት የተሠሩ መኪናዎች ከበር እንዲመለሱ ተደረገ፤ በ2010 መባቻ ተራው በ1993ና ከዚያ በፊት ለተሠሩት ደረሰ፤ ከ2012 መባቻ ጀምሮ ደግሞ የ2007ን ደረጃ ያላሟላ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ውጤቱም ፈጣን ነበር። ከወደብ መኪናዎች የሚወጣው ብክለት ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን ወደቦቹ አስታውቀዋል።

ይሁን እንጂ የአዲሱ መኪና ዋጋ ወደ 100,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ወደቦቹ ርዳታ ቢሰጡም፣ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ ክርክር አስነሣ። የሎስ አንጀለስ ወደብ ሹፌሮቹ በኩባንያዎች እንዲቀጠሩና የመኪናው ወጪ የኩባንያው እንዲሆን ደነገገ፤ ሎንግ ቢች ግን ይህን ግዴታ አልጣለም። የጭነት አመላላሾች ማኅበር ክስ መሥርቶ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 የቅጥሩን ድንጋጌ ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 ሌሎች ሁለት ድንጋጌዎችን ውድቅ አደረገ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሹፌሮች መኪናውን ከኩባንያዎች በኪራይ ግዢ ውል ወሰዱ፤ ክፍያው፣ ጥገናውና የማጣሪያው ጽዳት ጭምር ከምልልስ ገቢያቸው ይቀነስ ጀመር። መኪናው በወደብ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅ የጭሱ ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የሰልፉም ሰዓት፣ የጥገናውም ወጪ የሚያርፈው በሹፌሩ ላይ ነበር። በርካቶችም በእርግጥ ተቀጣሪዎች መሆናቸውን በመግለጽ ለካሊፎርንያ የሥራ ኮሚሽነር አቤት ብለው ተፈርዶላቸዋል።

ሁለቱ ወደቦች በ2035 መኪናዎቻቸው በሙሉ ጭስ አልባ እንዲሆኑ ዐቅደው፣ ለዚሁ ከ2022 ጀምሮ በየባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 10 ዶላር ማስከፈል ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ከናፍጣው እጅግ የሚወደድ በመሆኑ የቀድሞው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ስለሆነም ዕቅድ የሚነድፍ መሐንዲስ የድኙን መጠንና የማጣሪያውን ብቃት ባሰላበት ወረቀት ላይ፣ የመኪናውን ዕዳ የሚከፍለው ማን እንደሆነና ከምን ገቢ እንደሚከፍለው ጨምሮ ማስላት ይገባዋል።