ወደ ኋላ የሚያይ መሪ

አባቴ ዳባት ውስጥ በቅሎ ጫኝ ነበር። በልጅነቴ አብሬው ስሄድ በየጥቂቱ አንገቱን ያዞራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የፊቱን መንገድ በቅሎዋ ታውቀዋለች፤ የኔ ሥራ ከኋላ ያለውን ማየት ነው» ይለኝ ነበር።

ይህን ቃል ያስታወስሁት ባለፈው ጥር በስሜን ተራሮች ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ ስወጣ ነው። ብዙ ዓመት ባሕር ዳር ሳስተምር ኖሬ፣ ሰውነቴ የሐይቁን ዳር አየር ለምዷል። ራስ ዳሸንን በእግሬ ልወጣ ብዬ ከደባርቅ አንድ ወጣት አስጎብኚ ያዝሁ። 4,000 ሜትር ካለፍን በኋላ ራሴን ወጋኝ፤ አቅለሸለሸኝ፤ እግሬ ይወላገድ ጀመር። ልጁ አርባ እርምጃ ያህል ቀድሞኝ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሸለቆው ውስጥ የጠፋው ኔትወርክ እዚያ ከፍታ ላይ ተገኝቷልና። አብሮን የሚሄደው ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሸንተረሩን ይቃኛል። ያስቆመኝ ጓዜን የጫነው ገበሬ ነው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ከንፈርዎ ጠቁሯል» አለኝ።

ለምን እሱ አየኝ? መልሱ ያለው በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ በዳባትና በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል ይወርድ ነበር። ቡናና ዝባድ ይወርዳል፤ ጨርቅ ይወጣል፤ አሞሌ ጨው በየገበያው ይዞራል። ጉዞውን የሚመራው ነጋድራስ ነው፤ የሚጓዘውም የሚያድረውም በሱ ቃል ነው። የደከመች በቅሎ ገደል ከገባች ጭነቱም ከሷ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ የጫኝ ዓይን ከእንስሳዋ ኮቴና ከሰዉ እግር አይነሳም። አባቴ ከዚህ ዘር ነው።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሊማሊሞን ቆርጠው የመኪና መንገድ ሲያወጡ የሲራራው ንግድ ቀስ በቀስ ሞተ። ጫኞች ግን አልጠፉም። ተራራውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ነበርና። ጀርመናዊው ሩፔል ገና በ1830ዎቹ ስሜንን ረግጦ ዋልያን ለሳይንስ አስተዋውቋል። በ1967 ክላይቭ ኒኮል የተባለው ዌልሳዊ የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኖ መጣ፤ በ1969 ብሔራዊ ፓርኩ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ አሰፈረው። ከዚያ ጦርነት፣ በ1996 የአደጋ መዝገብ፣ በ2017 ከዚያ መውጣት።

ፓርኩ ሥራውን ከፋፈለው። ስካውቱ ይጠብቃል፤ አስጎብኚው ያስረዳል፤ ጫኙ ይጭናል፤ ወጥ ሠሪው ያበስላል። እንጀራ ለብዙ ቤት ደርሷልና ክፍፍሉን አልነቅፍም። ግን የተጓዡን ፊት ማየት የማን ድርሻ እንደሆነ ሳይነገር የቀረ ይመስለኛል፤ ጉዳዩም ቀላል አይደለም። በዳሸን ከፍታ ላይ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታቱን ችላ ብሎ የወጣ ሰው ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። የታመመው ሰው ደግሞ መታመሙን ለራሱም ላያምን ይችላል፤ እኔም «ደህና ነኝ» እያልሁ ነበር።

ወጣቱ ክፉ ልጅ አይደለም። የአዕዋፉን ስም፣ የጭላዳውን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። የጎደለው ማንም ቆሞ ያላስተማረው ነገር ነው፦ የሰው ትንፋሽ ማዳመጥ፣ እርምጃን በደካማው ልክ መቁረጥ።

ወደ ጨነቅ ስንመለስ ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ከኋላዬ ሆኖ ወረደ። የአባቴን ቃል ማታ እሳት ዳር ነገርሁት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። በነጋታው ጠዋት ድንኳኔ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ራስዎን ለቀቀዎት? ሌሊት ሳል ነበረዎት?» አለኝ። እየጠየቀ ከንፈሬን ያያል።