«ገና መሆኑን ያውቃሉ?» አሳምረው!

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች በየዓመቱ ሁለት ገና እናከብራለን። አንደኛው ካፌዎቹ፣ ሆቴሎቹና ኤፍኤሞቹ የሚያከብሩልን የፈረንጅ ገና ነው። ሁለተኛው እናቶቻችን ጠላ ጠምቀው፣ ዶሮ ሠርተው የሚጠብቁት፣ ታኅሣሥ 29 የሚውለው የራሳችን ገና ነው (በዘመነ ዮሐንስ 28 ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ)። በሁለቱ መካከል ያሉት ሁለት ሳምንታት ታዲያ ለጆሮ ግራ ናቸው። ቦሌ ካፌ ስንቀመጥ ማራያ ኬሪ፣ ታክሲ ስንገባ «አሲና ገናዬ»!

እስቲ ዛሬ ስለነዚህ ዘፈኖች እንጨዋወት። ዘፈን እኮ ዜማ ብቻ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ስለማን እንደዘፈነው ስናውቅ ትዝታችንም አብሮ ይለወጣል። ቢያንስ አንዱ ዘፈን የእኛን ለውጦታል።

ከቀላሉ እንጀምር። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ የገና ዘፈን ዘፋኝ የለውም፤ የሚዘፍነው ከመርካቶ የተገዛው የገና ዛፍ መብራት ነው። ያቺ ሚጢጢ ሳጥን «ጂንግል ቤልስ»ን ሲጥ ሲጥ እያደረገች ከሶኬቱ እስክትነቀል ድረስ አትለቅም። እኛም ጽዱ ላይ ጥጥ እየበተንን «በረዶ ጣለ» እንላለን፤ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ቢሆንም። የሚገርመው፣ አሜሪካዊው ጄምስ ፒርፖንት እ.ኤ.አ. በ1857 ያሳተመው ይህ ዘፈን በፈረስ ስለሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ ነው የሚያወራው። በግጥሙ ውስጥ ገና የሚል ቃል የለም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ያከበርነው ጋሪውን ነው!

ቀጥሎ «ላስት ክሪስማስ» አለ። የሃይስኩል ዘፈናችን ነው። የከዳትን ልጅ እያሰበች በዚህ ዘፈን ያላለቀሰች ጓደኛ የሌላት እጇን ታውጣ። ዘፈኑ ከእኛ ጋር ዝምድና እንዳለው ግን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ዋም የተባለው የእንግሊዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ሲያወጣው ከዘፈኑ የሚገኘውን ሮያሊቲ ለኢትዮጵያ ረሃብ ተጎጂዎች ሰጥቶ ነበር። በዚያ ገና በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። የገናን አንደኝነት ያገኘው በ2023 ነው፤ ዘፋኙ ጆርጅ ማይክል በ2016 በገና ዕለት ካረፈ ከ7 ዓመት በኋላ።

በ1984 አንደኛ የሆነውስ? ጆርጅ ማይክል ራሱ የዘፈነበት «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?» ነዋ! በአማርኛ «ገና መሆኑን ያውቃሉ?» ማለት ነው። «ያውቃሉ?» የተባልነው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን (ይህ ሰው በ1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል)። ዘገባውን ቤቱ ሆኖ ያየው የአየርላንዱ ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈኑን ሠራ። ኅዳር 16 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ተቀዳ፤ ከቦኖ እስከ ስቲንግ ያልገባበት የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገባ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም በር ከፈተ።

ዘገባውን እኛ ያየነው ዩኒቨርሲቲ፣ ጋዜጠኝነት ስንማር ነው። ወደ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ ወንበር የሚያንቀሳቅስ እንኳ አልነበረም። መምህራችን ስለ አጻጻፉና ስለ ምስሉ ሊያስረዱን ሲጀምሩ እኛ ሌላ ሐሳብ ይዞን ነበር። የእኛው ጋዜጠኞች ያኔ የት ነበሩ? መልሱን ብዙም መፈለግ አያሻም። ከአንድ ወር ከምናምን በፊት፣ መስከረም 2 ቀን፣ ደርግ አሥረኛ የአብዮት በዓሉን አድምቆ አክብሯል፤ ኢሠፓም በዚያው ሰሞን ተመሥርቷል። ከተማዋ በቀይ ባንዲራና በትልልቅ ፎቶግራፎች አሸብርቃ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን ሰልፉን ሲያሳይ፣ ኮረም ላይ ሰው በየቀኑ ይቀበር ነበር።

ገንዘቡ ሕይወት ማዳኑን አንክድም፤ የጨከነ ሰው ብቻ ነው የሚክደው። ግጥሙ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አፍሪካን በጅምላ ዝናብም ወንዝም የሌላት ምድረ በዳ አድርጎ ይስላታል። የዓባይ አገር ልጆች ይህን ሲሰሙ ምን ይበሉ? ርእሱ ደግሞ ይባስ። በአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን የተቀበለ አገር ገናን ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል!

ነገሩን የሚያከብደው ቦታው ነው። ኮረም በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ናት። ላሊበላም የወሎ ናት። በየዓመቱ በገና ማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ እኩሎቹ ማሜ ጋራ ከሚባለው የዓለት አፋፍ ላይ፣ እኩሎቹ ከታች ከቅጽሩ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ስሙ በግእዝ «የሁሉ ቤዛ» ማለት ነው። እንግዲህ ለንደን «ያውቃሉ?» ብላ የጠየቀችው የዚህን ክፍለ ሀገር ሰዎች ነው። ደግሞም ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶ የሚኖርበት አገር ነው። ከተራቡት መካከል ገና በዓላቸው ያልሆነ ብዙዎች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ የጎረቤታቸው ገና መቼ እንደሚውል አይጠፋቸውም።

እናታችን በ1977 ደሴ ነበረች፤ የ12 ዓመት ልጅ። ለወትሮው ስለዚያ ዓመት አታወራም። ስለ ዘፈኑ ስንነግራት ግን ጀበናውን አስቀምጣ ዝም ካለች በኋላ ይህን አወጋችን። በገና ዕለት ከሰፈር ልጆች ጋር «አሲና ገናዬ» እያሉ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ያልፋሉ። ከገጠር የተሰደዱ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጆቹ አፍረው ድምፃቸውን ቀነሱ። ያን ጊዜ ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት ሴት፣ አጥንቷ የሚቆጠር፣ ከተቀመጠችበት ሆና ተቀበለቻቸው። አውጪዋ ልጅ ደንግጣ ዝም ስትል፣ ሴትዮዋ «በሉ እንጂ፣ ገና አይደለም እንዴ!» አለቻቸው።

እናታችን እስከ ዛሬ «አሲና ገናዬ» በሬዲዮ ሲመጣ አታወጣም፤ መቀበል ብቻ ነው የምትቀበለው። እኛ ደግሞ የሁልጊዜ ልማዷ ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ለንደን «ያውቃሉ?» ብላ ዘፈን ሳትሠራ በፊት፣ መልሱን ደሴ ላይ አጥር የተደገፉት ሰዎች ያውቁት ነበር። የማያውቀው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ኮረምን አታውቅም ነበር፤ እንዳታውቅ ተደርጋለችና። ስለ ራሳችን ራሳችን ያልተናገርነውን ሌላው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ በረዶና በራሱ ገና ለክቶ ይናገርልናል። ከዚያ 40 ዓመት ሙሉ ይዘፍንብናል። ዘፈኑ በ1989፣ በ2004 እና በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሠርቷል፤ በ2024ም አርባኛ ዓመቱን አስመልክቶ ተቀነባብሮ ወጥቷል። ከዲሴምበር በገባ ቁጥር ለንደንም ዋሽንግተንም ያሉ ዘመዶቻችን ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሰሙታል።

እንግዲህ ከገና ዘፈኖች የትኛው ይበልጣል ብትሉን፣ እኛ «ላስት ክሪስማስ»ንም አንጠላም፤ ያቺን የመርካቶ ሳጥንም ቢሆን። ዘንድሮ ግን ዶሮው ሲወጠወጥ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እናታችሁን፣ አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። «በ1977 ገና የት ነበርሽ? ምን ተዘፈነ?» በሏት። የምትነግራችሁንም ጻፉት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ዘፈን አድርጎ ያመጣዋል።

መልካም ገና!