ከኺታን በኋላ ያለው አማና

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ወንድ ልጅ ሲወለድልን ስም እናወጣለን፣ ዐቂቃ እናርዳለን፣ ኺታኑንም እናስፈጽማለን። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። እንግዳው ከተመለሰ በኋላ ግን ሕፃኑ ከነቁስሉ በእናቱ እቅፍ ይቀራል። ይህች አጭር ጽሑፍ የምትናገረው ስለዚያ ጊዜ ነው። ሱናው በምላጩ እንደማያበቃና ቁስሉ እስኪሽር መጠበቅ የወላጅም የገራዥም አማና መሆኑን ከታሪክ እንመለከታለን።

የኺታን ታሪክ ባጭሩ

እንደሚታወቀው የአላህ ወዳጅ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በ80 ዓመታቸው መገረዛቸው በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ኺታንን ከፊጥራ ነገሮች ቆጥረውታል። በአገራችን ግርዛት የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በስምንተኛው ቀን ያስገርዛሉ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ይህ የአገር ልማድ መሆኑን ለውጭ ሰዎች አስረድተዋል። አቃቂ በምትገኝበት በቱለማ ኦሮሞ ምድር ደግሞ ግርዛት ከገዳ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ለአዋቂ ይፈጸም ነበር። የባቡር ሐዲዱ በአቃቂ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ በኋላም ፋብሪካዎች በአካባቢያችን ሲቋቋሙ፣ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው መጥቶ እዚህ ሰፈረ፤ እያንዳንዱም የአገሩን ልማድ ይዞ መጣ። ልማዱ ይለያይ እንጂ የሕፃኑ ገላ አንድ ነው።

ሊቃውንቱ ምን አሉ?

በመድረሳዎቻችን ከሚቀሩት የሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች አንዱ የኢማም ነወዊ (በ676 ሒጅራ ያረፉ) «ሚንሃጅ» ነው። በዚህ ኪታብ ኺታንን በሰባተኛው ቀን መፈጸም የተወደደ መሆኑ ተገልጿል፤ ነገር ግን ሕፃኑ የማይችለው ደካማ ከሆነ እንዲዘገይ ተደንግጓል። በማይችልበት ዕድሜ የገረዘ ሰውም እንደሚጠየቅበት በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። በአቡ ዳውድ የተዘገበ ሐዲስም ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ያስተምረናል። እንግዲህ ቀኑን የነገሩን ሊቃውንት ኃላፊነቱንም አብረው ነግረውናል። ሰዓቱን ይዘን ኃላፊነቱን ልንጥል አይገባም።

ከሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖሩት ታላቁ ሐኪም አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው ኪታባቸው ሕፃናትን ስለመግረዝና በዚያ ጊዜ የሚደርሰውን ስሕተት ስለማከም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፈዋል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የግሪክ ሐኪሞች ስለዚህ ስላልጻፉ ያስተማሩት ከገዛ ልምዳቸው ነው። ልጁ እንዳይደነግጥ መቀሱን እስከ መደበቅ ድረስ ያስቡለት ነበር። በአንድ መንደር ወንዶች ሲቆስሉ ደማቸው አልቆም ብሎ እንደሚሞቱም መዝግበዋል። ይህ በዛሬው ሕክምና ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ ነው፤ በእናት በኩል ይተላለፋል፣ የሚያጠቃውም በብዛት ወንዶችን ነው። ስለዚህ ከኺታን በፊት በእናቱ ወገን ደሙ አልቆም ያለ ወንድ እንዳለ መጠየቅ ግድ ነው።

እኒህ ሐኪም በዘመናቸው ቁስሉ ላይ የተቃጠለ ቅል አመድ ይነሰንሱ ነበር። ከእርሳቸው የምንወስደው ጥንቃቄውን እንጂ አመዱን አይደለም። ዛሬ አመድ፣ ቅቤም ሆነ የቡና ዱቄት በቁስል ላይ ማድረግ ጀርም ማስገባት መሆኑ ታውቋል። ብዙ ጨቅላዎችን ይፈጅ የነበረው የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ከአገራችን በሕዝብ ጤና ችግርነቱ መወገዱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህም የተገኘው በእናቶች ክትባትና በንጹሕ አወላለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ ደግሞ አንዱን ምላጭ ለሁለት ልጅ መጠቀም ፈጽሞ የማይታሰብ ሆኗል።

ቁስሉን እንዴት እንጠብቅ?

ውድ ወላጆች፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ ወይም የታመመ ከሆነ ኺታኑ ይዘግይ። የሽንቱ ቀዳዳ በሥር በኩል ከሆነ ጭራሽ አይገረዝ፤ ያ ቆዳ ለማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋልና። ቤት የተወለደ ልጅ ከሆነ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬ መርፌ መውሰዱ ይጠየቅ።

ከተገረዘ በኋላ እጅን በሳሙና ታጥቦ ቁስሉን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ጨርቁ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን መቀባት፣ ሽንት ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መለወጥና ላላ አድርጎ ማሰር ይገባል። አልኮል አይነካው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጫፉ ላይ ስስ ቢጫ ሽፋን ይታያል። ብዙ እናቶች መግል መስሏቸው ይፍቁታል፤ ይህ ግን የመሻር ምልክት ስለሆነ አይነካ። መጠነኛ እብጠትና መቅላትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ይሽራል።

የሚከተሉት ግን የአደጋ ምልክቶች ናቸው፦ የማይቆም ደም፣ እስከ 12 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ ወደ ሆድ የሚዛመት መቅላት፣ ሽታ ያለው መግል፣ የጫፉ መጥቆር፣ ከ38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት። ደም ከታየ በንጹሕ ጎዝ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ መጫን ነው፤ ካልቆመ እየጫኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በመላ ገላው ያለው ደም ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ለአዋቂ ጥቂት የሚመስለው ደም ለእርሱ ነፍሱ ነው። ስለዚህ «እስኪነጋ እንጠብቅ» አይባልም። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

በተለይ አባቶች ሆይ! ለድግሱ እንደተጋችሁ ለእነዚያ አሥር ሌሊቶችም ትጉ። እናቲቱ ገና አራስ ናት፤ ቁስሉን ብቻዋን እንድትጠብቅ አትተዋት። የተሳካ ኺታን የሚባለው ያማረው ድግስ አይደለም፤ ልጁ ቁስሉ ሽሮ በሰላም ሲተኛ ነው።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ የሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።