መፍቻው በማን ስም ነው?

የጋራዥ ቋንቋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መካኒኩ መኪናው ሥር ተንጋሎ እጁን ይዘረጋና «ካቻቢቴ!» ይላል፤ ረዳቱ ያቀብለዋል። «ፒንሳ!» ይላል፤ ይቀበላል። ብረቱ ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ቡሎኑ በዳዶ ይጠብቃል። አምስቱም የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ኦፊቺና ሲከፍቱ ትተውልን የሄዱት። ከመሀል የኛው ሆኖ የቀረው «መፍቻ» ነው። እሱም ቢሆን ያጠብቃልም ይፈታልም፤ ስም ያወጣለት ሰው ግን መፍታቱን ብቻ ነው ያየለት።

ቃላቱን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። መሣሪያውም ስሙም አብረው የመጡት ከአሠሪው ጋር ነው። ያገራችን ቀጥቃጭ ወናፉም፣ መዶሻውም፣ ጉጠቱም የራሱ ነበር፤ ሲሞት ለልጁ ያወርሳል። ጋራዥ የተቀጠረው ልጅ ግን ባዶ እጁን ነው የገባው። መፍቻው መጀመሪያ የጣሊያኑ፣ ኋላም የመሥሪያ ቤቱ ሆነ። እንግዲህ ዕቃው የአንዱ ሆኖ በሌላው እጅ ሲሠራበት፣ ያውም አሥራ አምስት ሰው በሚጋራው ወርክሾፕ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለት ጥያቄ አብሮ ይወለዳል። መፍቻው አሁን የት ነው? ሲጠፋስ የማን ደመወዝ ይቆረጣል?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር አናጢው ሥራ የሚፈልገው የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ነበር። ሣጥኑ ከተቃጠለ ወይም ከተሰረቀ እንጀራው አብሮ ሄደ ማለት ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1860 የተቋቋመው የአናጢዎች ማኅበር መሣሪያ ለጠፋበት አባል ካሳ ይከፍል የነበረው። መሣሪያውን አሠሪው ሲያቀርብ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ለመሣሪያው ተብሎ ከደመወዝ መቆረጥ። ነገሩ ፓርላማ ድረስ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1896 በወጣ ሕግ ተገደበ፤ አስቀድሞ በታወቀ ውል ካልሆነ በቀር ለመሣሪያ ብሎ ደመወዝ መቁረጥ ቀረ።

አሠሪው መሣሪያ ማቅረቡ ያዋጣኛል ያለበትን ዘመን ስናነሳ ፍሬድሪክ ቴይለርን ማለፍ አይቻልም። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1901 ቤተልሔም በሚባለው የብረታ ብረት ኩባንያ ሲሠራ፣ አካፋ የሚይዙት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አካፋ ይዘው እንደሚመጡ አየ። ያው አካፋ ደቃቅ ከሰል ሲዛቅበት 1 ኪሎ ተኩል ብቻ ያነሳል፤ የብረት ማዕድን ሲዛቅበት 17 ኪሎ። ቴይለር ለክቶ ለክቶ በአንድ ዛቅ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን ሰውየው በቀን ብዙ ይሠራል አለ። ስለዚህ ኩባንያው ትልቅ የመሣሪያ ክፍል ሠርቶ ከ8 እስከ 10 ዓይነት አካፋ አስቀመጠ፤ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ለዕለቱ ሥራ የሚሆነውን ይወስዳል። ቴይለር ራሱ እንደጻፈው ከ400 እስከ 600 ሰው ይሠራው የነበረውን 140 ሰው ሠራው፤ የቀሩትም ቀን ደመወዛቸው ከ1.15 ወደ 1.88 ዶላር አደገላቸው። የቀሩትን ነው ያልኩት። የተባረረው ሰው ወዴት እንደገባ ቴይለርን ብዙ ያስጨነቀው አይመስልም።

እንግዲህ መሣሪያው በአንድ ክፍል ተሰበሰበ። ማን ምን እንደወሰደ በምን ይታወቅ? ደብተር ላይ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰልፍ ነው፤ የሚጽፈውም ሰው ይሰለቻል። መልሱ ሳንቲም የምታክል የናስ ቁራጭ ሆነች። ሠራተኛው ሲቀጠር የራሱ ቁጥር የተመታባቸው የተወሰኑ ናሶች ይሰጡታል። ሞርሳው ላይ ያለውን ሥራ ትቶ ይሄድና አንዱን ናስ በመስኮት ሰጥቶ መሣሪያውን ይቀበላል። የዕቃ ክፍሉ ሰው ናሷን መሣሪያው ተሰቅሎበት ከነበረው ሚስማር ላይ ያንጠለጥላታል። ሲመልስ ናሱን ይቀበላል። በቃ! ፊርማ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ሥራ የሚለቅ ሰው ናሶቹን ሁሉ ካስረከበ ነፃ ነው። በድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችም ይኸው ናስ ሰው ለመቁጠር አገልግሏል፤ ማታ ሰሌዳው ላይ ናሱ ያልተመለሰ ሰው ካለ ገና ከመሬት በታች ነው።

የናሷ አንድ ጉድለት ነበረባት። ባዶውን ሚስማር ያየ ሰው መሣሪያው ማን ጋ እንዳለ ያውቃል፤ «ቁጥር 47 እጁ ላይ ምን ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሚስማሩን ሁሉ መዞር አለበት። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሁለተኛ ናስ ጨመሩ። ይቺኛዋ የምትይዘው የመሣሪያውን ቁጥር ሲሆን፣ መሣሪያው ሲወጣ በሠራተኛው ቁጥር ሥር ትሰቀላለች። አሁን በአንድ በኩል ዕቃው ሰውየውን ይናገራል፤ በሌላ በኩል ሰውየው ዕቃውን። ለእኔ ትልቁ ፈጠራ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያዋ ናስ የምትጠብቀው አሠሪውን ነው፤ ሁለተኛዋ ሠራተኛውንም ትጠብቃለች፤ ምን እንዳለበት ራሱ በዓይኑ ያያልና።

እኛ አገር ናሱ ቦታ ላይ ወረቀት ገባ፤ ሞዴል 19፣ ሞዴል 20፣ ሞዴል 22። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዕቃ በ19 ይገባል፤ በ22 ይወጣል። ሞዴል 22 ላይ የፈረመ ሰው ዕቃው «በስሙ» ነው። ሲወጣ ያለው ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ ሲመለስ ግን ላላ ይላል። በልጅነቴ አንድ የክፍለ ሀገር ጋራዥ ውስጥ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ስሠራ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጡረታ ወጡ። ክሊራንስ ሲሞላ አንድ ክሪክ በስማቸው ተገኘ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የወጣ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ በእርስዎ ስም ነው» አላቸው የዕቃ ክፍሉ ልጅ።

«አንተ ልጅ፣ ክሪኩ እኮ ያውልህ! ከፊትህ ቆሟል!»

እውነታቸውን ነው። ክሪኩ ወርክሾፑ መሀል ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ይሠራበታል። በመጀመሪያው ዓመት ለማታው ፈረቃ አስተላልፈውት ነበር፤ ማታው ለጠዋቱ፣ ጠዋቱ ለማታው ሲቀባበለው ኖረ። ችግሩ ክሪኩ ላይ ቁጥር የለበትም። ያ ክሪክ ይሄ ክሪክ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አራት ወር ፈጀ፤ በመጨረሻም ዋጋው ከሚከፈላቸው ላይ ተቀነሰ። የተቀነሰውን ገንዘብ እንኳ እንጃ፤ ሰውየውን ያቃጠላቸው «አጠፋ» መባሉ ነበር።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የቀድሞው ቁጥር 377/1996ም ሆነ የተካው 1156/2011፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የሥራ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ የሚጥለው አሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን መሣሪያ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር ቢኖር በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥም ይከለክላል። አሜሪካ ብንሄድ ብዙ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ መሣሪያውን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ እንኳ የእጅ መሣሪያህን ይዘህ ና ሊባል የሚችለው የዝቅተኛውን ደመወዝ ወለል ቢያንስ እጥፍ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። በዱቤ የተገዛ መፍቻ ግን መቼም አይጠፋም፤ ባለቤቱ አብሮት ይተኛል!

ካይዘን ወደኛ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓኖች ድጋፍ በተጀመረው ፕሮጀክት ነው። የሙከራ ሥራው በ30 ድርጅቶች ተጀመረና በ2011 ኢንስቲትዩት ቆመለት። «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትም ያኔ መጡ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፕ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የመፍቻ ጥላ የተሳለበት ሰሌዳ ማየቱ አይቀርም። ሰሌዳው ጥሩ ነው፤ ባዶውን ቦታ ከሩቅ ያሳብቃል። ማን እንደወሰደው ግን ጥላው አይናገርም። ጥላውን ስሎ ስም የሚሰቀልበት ሚስማር ሳይመታ የተወ ወርክሾፕ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያቆመው። አለቃው ባዶ ቦታ ሲያይ ያገኘውን መካኒክ ነው የሚቆጣው፤ መካኒኮቹም ይሄን ሲያውቁ ጥሩ ጥሩውን መፍቻ ሰሌዳው ላይ መመለስ ትተው መሳቢያቸው ውስጥ ይቆልፉበታል።

አውሮፕላን የሚጠግኑት ይሄን ነገር ከሁሉም አጥብቀው ይዘውታል፤ አንድ መሣሪያ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይነሳም። እነሱም ቢሆኑ አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው ቃንታስ አንድ ኤ380 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲፈተሽ 1 ሜትር ከ25 የሚረዝም የናይለን መሣሪያ ሞተሩ ውስጥ ተረሳ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ለጠፋ መሣሪያ የሚደረገው ፍለጋ አውሮፕላኑ ለበረራ ከመለቀቁ በፊት አልተጀመረም። መሣሪያው የተገኘው በጥር 1 ቀን 2024 ነው፤ እስከዚያ አውሮፕላኑ መንገደኞቹን ጭኖ 34 ጊዜ በሮ ነበር።